የነጯ መኪና ቁልፍ

በአንድ ወቅት፣ በሚያዝያ ወር በሁለተኛው ቅዳሜ፣ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚያወርደው መንገድ የይማም ሰይድ ነገር ሁሉ ተበላሸ። ቀኑን አይረሳውም፤ ሰዓቱንም አይረሳውም። የትኛው ኩርባ ላይ እንደነበር ጠይቁት፣ በጣቱ አየር ላይ ይስልላችኋል። ከዚያ ቅዳሜ በፊትም ብዙ ነገር ተበላሽቶበት ያውቃል፤ ያኛው ግን ሁሉንም ጠቅልሎ የያዘ ነው። ስሙትና ፍረዱ። ስትፈርዱ አትቸኩሉ፤ የሚቸኩሉ ፈራጆችን ይማም አይወድም። የማይቸኩሉትንም ብዙ አይወድም።

ደሴ ውስጥ ወይዘሮ ዘምዘም የሚባሉ የማር ነጋዴ ነበሩ። ከአብራካቸው የወጣ ልጅ የላቸውም፤ የወንድማቸውን የሰይድን ሦስት ወንዶች ልጆች፣ እናታቸው ከሞተች ጀምሮ ያሳደጉት ግን እሳቸው ናቸው። ልጆቹም አድገው፣ ጺም አውጥተው፣ አንዳንዱም ሸብቶ «እታለም» ነው የሚሏቸው። ሦስቱም ስጦታ አላቸው።

የትልቁ የይማም ስጦታ ማንበብ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የምህንድስና ትምህርቱን በማዕረግ ጨርሷል። አዲስ አበባ ተቀጥሮ በሠራበት መሥሪያ ቤት ስለ ውሃ ፓምፖች አንድ ትልቅ ጥናት ጻፈ፤ አለቃው የይማምን ስም ከሽፋኑ ላይ አንስቶ የራሱን ለጠፈበት። ይማም አቤት አለ። የአቤቱታው ፋይል ጠፋ። ደግሞ አቤት አለ። ያኔ እሱ ራሱ ከመሥሪያ ቤቱ ጠፋ፤ ሻንጣውን ይዞ ደሴ ገባ። ከዚያ ወዲህ የሚጽፈውን ወረቀት ሁሉ በየገጹ ግርጌ ይፈርማል፤ የቤት አስቤዛ ዝርዝር እንኳ ቢሆን።

የመካከለኛው የአራጋው ስጦታ እጁ ላይ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት የጭነት መኪና ነድቷል፤ አንድ በግ እንኳ ገጭቶ አያውቅም። መሪ ሲይዝ መኪናዋ የት እንደሚያማት በመዳፉ ይሰማዋል። ቁልቁለት ሲያገኝ ግን ማርሹን ፎሌ ያደርጋል፤ ማለት ሞተሩን ከጎማው አላቅቆ መኪናዋን በክብደቷ ብቻ ያንሸራትታታል። ነዳጅ ይቆጥባል ብለው ያስተማሩት የድሮ ሹፌሮች ናቸው፤ በዚያ መስመር ላይ እንዲህ የማይወርድ ሹፌር እንደ ጀማሪ ይቆጠራል።

የትንሹ የእንድሪስ ስጦታ ምላሱ ነው። ቤትም፣ ቦታም፣ መኪናም ያሻሽጣል። የተጣላን ሰው ያስታርቃል፤ ለማስታረቅ የሚዋሸውን ውሸት ግን ቆጥሮ የጨረሰው የለም።

ይማምና አራጋው አይነጋገሩም። ተኳርፈው አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ነገሩ የመጣው አባታቸው የሞቱ ዕለት ነው። ይማም ከአዲስ አበባ ሲገሰግስ አድሮ የደረሰው አስከሬኑ መኪና ላይ ሊወጣ ሲል ነበር። በወጉ ጋቢና ከሹፌሩ ጎን የሚቀመጠው ትልቁ ልጅ ነው። አራጋው ግን ቀድሞ ተቀምጧል።

«ውረድ» አለው ይማም።

«ሲታመም የት ነበርክ?» አለው አራጋው፤ በሩን ዘጋው።

ይማም አባቱን የሸኘው ከኋላ፣ ከለቀስተኞቹ መሀል ቆሞ፣ አቧራ እየጠጣ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንዱ ለሌላው ያለውን የሚያደርስ እንድሪስ ሆነ። አንድ ማዕድ ቀርበው እንኳ «እንድሪስ፣ ለዚያ ሰውዬ ጨው አቀብለኝ በለው» ይባባላሉ።

አንድ ሐሙስ ወይዘሮ ዘምዘም ሦስቱንም አስጠሯቸው።

«ጉልበቴ እምቢ ብሏል» አሉ። «ቅዳሜ ቅዳሜ ኮምቦልቻ ለመውረድ የማር ባልዲ አቅፌ ታክሲ ተራ መቆም በቃኝ። አዲስ መኪና እገዛለሁ። ትንሽ ትሁን፣ ግን ከመሬት ከፍ ያለች ትሁን፣ ከኋላዋ ማር የሚያስጭን። አዲስ አበባ ሁለት አሳይተውኛል፤ አንዷ ነጭ፣ አንዷ ግራጫ። ለኔ ሁለቱም መንትያ ናቸው። ለይልኝ ብዬ የምለምነው ሰው የለኝም፤ እናንተው ለዩልኝ።»

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኔ መንዳት አልችልም፤ አልማርምም። በደህና ወስዶ በደህና የመለሰኝ ሰው ቁልፉን ይይዛል። ቁልፉን የያዘ ደግሞ ከኔ በኋላ የዚህ ቤት ወራሽ እሱ ነው። የሚከፋው ካለ አሁን ይናገር።»

«እሺ» አሉ ሦስቱም። ይማም ግን በሆዱ «ከዚህኛው ደግሞ ስሜን ማንም አይፍቀውም» አለ።

ይማም ሜትር ይዞ አዲስ አበባ ሄደ። በሱፍ ልብሱ ከመኪኖቹ ሥር ገብቶ ተኛ።

«ኧረ ጌታዬ፣ ሱፍዎ!» አለች የመሸጫው ልጅ።

«ሱፉ የኔ ነው» አላት።

ሦስት ቀን ሲለካ፣ ሲጠይቅ፣ መመሪያ ሲያገላብጥ ሰንብቶ አሥራ አንድ ገጽ ጻፈ። ግራጫዋ የቤንዚን ናት፤ በአራት ጣት ከፍ ትላለች፣ መለዋወጫዋ ደሴ ፒያሳ ይገኛል፣ ልሽጣት ቢሉ ገዢዋ ብዙ ነው። ኤርባጓ፣ ማለት በግጭት ጊዜ ተነፍቶ ሰው የሚያድነው ከረጢት፣ ግን ሁለት ብቻ ነው፤ ሁለቱም ከፊት። ነጯ የኤሌክትሪክ ናት፤ ዝቅ ትላለች፣ ባትሪዋ በሦስት ኩንታል ያከብዳታል፣ ደሴ ውስጥ ሆዷን የሚያውቅ ጋራዥ የለም። ግን በጎንና በጎን ኤርባግ አላት። ደግሞም ቁልቁለት ላይ እግር ከፔዳሉ ሲነሳ ሞተሯ ራሱ ወደ ኋላ ይይዛታል፤ ፍሬኑ ያርፋል። ይማም ነጯን መረጠ። ሰባተኛው ገጽ ላይ፣ ሁለት ጊዜ አስምሮ፣ እንዲህ ጻፈ፦ «ይህች መኪና ከባድ ናት። ቁልቁለት ላይ ፎሌ ከተደረገች ሞተሯ አይይዛትም፤ ፍሬኗ ብቻውን ይግላል፣ ከዚያም አይሠራም። ሹፌሩ ይህን ሳያውቅ መሪ እንዳይነካ።» ከሥሩም ፈረመ።

አራጋውም ሄደ። ወረቀት አልያዘም። ግራጫዋን አስነስቶ ሰፈሩን አንድ ዙር ዞረና «ይቺን አውቃታለሁ» አለ። ነጯ ላይ ሲቀመጥ ፊቱ ተለዋወጠ። እግሩን ከፔዳሉ ሲያነሳ መኪናዋ እንደ እልኸኛ በቅሎ ቆም አለችበት።

«ፍሬን ሳልነካ ማን ያዘብኝ?» አለ። «መኪና የምትታዘዘኝ ናት ወይስ የምታዘኝ?» ደሴ ተመልሶም እንዲህ አለ፦ «ግራጫዋን ግዢ እታለም። በእጄ የማላውቀው ነገር ላይ አንቺን አልጭንም።» ሌላ ቃል አልጨመረም፤ ለምንም አልፈረመም።

እንድሪስም ሄደ። እሱ መኪኖቹን ዞር ብሎም አላያቸው፤ ሻጮቹን ነው ያየው። የግራጫዋ ሻጭ ሻይ ጋበዘው፣ ሳቀለት፣ ስለ ቀለሟ ሲጠይቀው ግን ዐይኑን ሰበረ። እንድሪስ በጓሮ ዞሮ ከጥበቃው ጋር ሲጋራ አጨሰና ወሬውን አገኘ፤ ግራጫዋ ከወደብ ስትመጣ ተገልብጣ ቀኝ ጎኗ ተቀጥቅጦ የተቀባ ነው። አዲስ ተብላ የምትሸጥ፣ ውስጧ የታመመ። ለነጯ ሻጭ ደግሞ ስለ ልጅነታቸው፣ ስለ እታለም፣ ስለ ማሩ ሲያወራለት ዋለና ሌላ ገዢ እጁ ላይ እያለ ለእሱ አስለቀቀው። ኋላ እታለም ሲወስኑም፣ ጭነት መኪና ላይ አሳፍሮ ደሴ ያስገባት እሱ ነው።

ወይዘሮ ዘምዘም ማንበብ አይችሉም። ይማም አሥራ አንዱን ገጽ ለእንድሪስ ሰጠው።

«ለሷ አንብብላት። ሰባተኛውን ደግሞ ለዚያ ሰውዬ።»

«ለምን አንተ አትነግረውም ጋሼ? ሁለት ቃል ናት እኮ!»

«ጽፌአለሁ። ፈርሜአለሁ። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?»

እንድሪስ ገጾቹን አገላበጠ። ሰባተኛው ላይ ሲደርስ ቆመ። እታለም «ፍሬኗ አይሠራም» የሚል ቃል ከሰሙ ነጯን እንደማይገዙ ያውቃል፤ የታመመችው ግራጫ ላይ ይወድቃሉ፤ በእሷ ላይ ያለው ማስረጃ ደግሞ የጥበቃ ወሬ ብቻ ነው። አራጋው ደግሞ መልእክቱ ከይማም እንደመጣ ካወቀ ሆን ብሎ ተቃራኒውን ያደርጋል፤ አራት ዓመት ሲያመላልስ አይቶታል። ስለዚህ አሥሩን ገጽ በራሱ አፍ አሳጥሮ ነገራቸው፤ አንዱን ዋጠው።

«አጥንቼዋለሁ እታለም» አለ። «ነጯ ናት።»

ይማም በር ላይ ቆሞ ሰማ። «አጥንቼዋለሁ።» የፓምፑ ጥናት ትዝ አለው። ገብቶ «የኔ ነው» ማለት ይችል ነበር። አልገባም። ወረቀቱ ይመስክር ብሎ ዞሮ ሄደ።

ያ ቅዳሜ እንዲህ መጣ።

የመኪናዋ ወንበሮች ላይ ያለው ላስቲክ አልተነሳም ነበር፤ እታለም «አዲስ መሆኗ እንዲታይ» ብለው ከልክለዋል። ከኋላ አራት ባልዲ ማር ተጫነ። አራጋው መሪ ያዘ። ይማምና እንድሪስ ከኋላ ገቡ። ወይዘሮ ዘምዘም ጋቢና ተሰየሙ፤ ቀበቶውን ሲያዩ ግን ተቆጡ።

«እኔ ወንጀለኛ ነኝ የምታሰር?»

«ሕግ ነው እታለም» አለ ይማም። አልሰሙትም።

«እሰሪው፤ ትራፊክ ይይዘናል» አለ አራጋው። «ይያዘን!» አሉ።

እንድሪስ ከኋላ ጎንበስ አለ። «ኧረ ይሄ ማሰሪያ አይደለም፤ የሻርፕሽ መያዣ ነው። ይቺ መኪና መስኮቷ ሲከፈት ነፋሷ ክፉ ነው፤ ባለፈው የአንዷን ሐጃ ሻርፕ ወስዶ ገደል ከቶባታል። ፀጉሯን ሕዝብ አየው!»

«አስተግፊሩላህ!» አሉ እታለም፤ ራሳቸው ጎትተው ቆለፉት።

ከተማው አለቀ፤ ቁልቁለቱ ጀመረ። አራጋው የለመደውን አደረገ። እጁ ሳያስበው ማርሹን ፎሌ አደረገ፤ ነጯ እንደ ውሃ ትወርድ ጀመር። ይማም ከኋላ አንገቱን አሰገገና ሰሌዳው ላይ «ኤን» የምትለዋን የፎሌ ምልክት አየ።

«እንድሪስ» አለ ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ። «ለዚያ ሰውዬ ከፎሌ ያውጣት በለው።»

እንድሪስ ከተናገረ የዋጠው ገጽ ይወጣል። «እኔን አታስገቡኝ በናታችሁ» አለ።

«በለው እልሃለሁ!»

«ምንድነው የምትንሾካሾኩት?» አሉ እታለም።

አንድ ኩርባ አለፈ። ሁለተኛው አለፈ። የተቃጠለ ነገር ሸተተ። አራጋው ፍሬኑን ረገጠ፤ ፔዳሉ እንደ ሊጥ ወደ ታች ገባ። ደግሞ ረገጠ። ምንም የለም። ከታች ሕዝብ የጫነ አውቶቡስ እያቃሰተ ይወጣል። በግራ ገደል ነው፤ በቀኝ የተቆረጠ ተራራ።

«አራጋው!» ብሎ ጮኸ ይማም። በአራት ዓመት ውስጥ ስሙን ሲጠራ ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነው። «ዲ ላይ አድርጋት! ራሷ ትይዛለች!»

አራጋው ማርሹን ወደ መንጃው መለሰ። መኪናዋ ከሆዷ አጉረመረመች፤ ፍጥነቷ ቀነሰ። ግን ኩርባው ደርሷል። አራጋው መሪውን ወደ ቀኝ ሰበረ፤ አንዱን ጎማ ቦዩ ውስጥ ከቶ ጎኗን ከተራራው እያፋተገ አወረዳት። ብረቱ ጮኸ። የጎኑ ኤርባግ ፈነዳና በእታለም ጭንቅላትና በድንጋዩ መሀል ገባ። ቀበቶው ከወንበራቸው ጋር ይዞ አስቀራቸው። ነጯ የመንገድ ሠራተኞች የቆለሉት ጠጠር ውስጥ ተሰክታ ቆመች። አውቶቡሱ በክንድ ርቀት አለፈ።

ማር ሲንጠባጠብ ተሰማ።

«ማሬ ፈሰሰ?» አሉ ወይዘሮ ዘምዘም።

የትከሻቸው አጥንት ተሰንጥቆ ነበር፤ ሌላ ምንም አልሆኑም። ሦስቱ ግን ገና ከጠጠሩ ሳይወጡ ተያያዙ።

«እሷን ወደ ድንጋይ አዞርክ!» አለ ይማም። «በሷ በኩል!»

«ወደ ገደሉ ላዙር ነበር?» አለ አራጋው። «አንተ አውቀህ ዝም ያልክ! ሁለት ኩርባ! ሁለት ኩርባ ሙሉ ‹ለዚያ ሰውዬ በለው› እያልክ!»

«ጽፌ ነበር! ሰባተኛው ገጽ!»

«የምን ገጽ?»

ሁለቱም ወደ እንድሪስ ዞሩ። እንድሪስ ጫማው ላይ የፈሰሰውን ማር ያያል።

በሳምንቱ ሽማግሌ ተቀመጠ፤ እታለም ትከሻቸውን ታስረው፣ ቁልፉን በአንገታቸው አንጠልጥለው።

ይማም ወረቀቱን ዘረጋ። «የጎኑን ኤርባግ የመረጠው ማን ነው? ግራጫዋ ብትሆን ኖሮ ጭንቅላቷ ድንጋዩን ያገኝ ነበር። ‹ዲ ላይ አድርጋት› ያለውስ ማን ነው? ያስጠነቀቀውስ? ፊርማዬ ይኸው። ቁልፉ የኔ ነው።»

አራጋው ወረቀቱን በእግሩ ገፋው። «ወረቀት መሪ ይይዛል? እኔ ግራጫዋን ነበር ያልኩት። የማላውቃትን፣ በሦስት ኩንታል የምትከብደውን አሸከማችሁኝ፤ ምኗን መንካት እንደሌለብኝ አንድ ሰው አልነገረኝም። እንዲያም ሆኖ በሕይወት አቆምኳት። አውቶቡሱ ውስጥ ስንት ነፍስ ነበር? ቁልፉ የኔ ነው።»

እንድሪስ ጎሮሮውን ጠረገ። «ሁለታችሁም ጎበዞች ናችሁ ወንድሞቼ። ግን የግራጫዋን የተቀጠቀጠ ጎን ማን አየ? ይማም በሜትሩ? አራጋው በመዳፉ? ጎኗ ለመጀመሪያው ድንጋይ እንደ ቆርቆሮ ይታጠፍ ነበር። እታለምን ቀበቶ ያሳሰራት ማን ነው? ሕግ ወይስ ትራፊክ? እኔ ባልዋሽ ኖሮ ኤርባጉም መሪውም የሚያተርፈው ባዶ ወንበር ነበር።»

«አንተ ያንን ገጽ ባትውጥ ኖሮ» አለ አራጋው፣ «ማንም ማንንም ማትረፍ ባላስፈለገው!»

«እናንተ እንደ ሰው ብትነጋገሩ ኖሮ የምውጠው ነገር ባልነበረ!»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንደኛው ይማም አሸነፈ ሊል አፉን ከፈተና የሁለቱ ኩርባ ዝምታ ትዝ ብሎት ዘጋው። ሁለተኛው አራጋው ሊል ፎሌው ያዘው። ሦስተኛው እንድሪስ ሊል ገና ጎንበስ ብሎ ያልተነበበውን ሰባተኛ ገጽ አየ። በሉ፣ መረቁ፣ «እንመለስበታለን» አሉ። አልተመለሱም።

ወይዘሮ ዘምዘም ደግሞ «እኔ ሦስቱም ልጆቼ ናቸው፤ ሌላ ሰው ይፍረድ» ብለው ቁልፉን ከአንገታቸው አላወረዱም።

ዛሬ ነጯ መኪና ጓሮ ቆማለች፤ ቀኝ ጎኗ እንደተቧጠጠ፣ ላስቲኳ ሳይነሳ። ማሩ ላስቲኩ ሥር ገብቶ ንብ ይጠራል። ማክሰኞ ማክሰኞ አራጋው መጥቶ ያጥባታል። ሐሙስ እንድሪስ ይመጣል፤ «ልግዛት» የሚሉትን በወሬ አዙሮ ይሸኛቸዋል። ዓርብ ይማም ባትሪዋ እንዳይሞት ገመድ ይዞ ይመጣል። እታለም በመስኮት ሆነው ቁልፉን ጢጥ ያደርጉለታል፤ በሩ ይከፈታል፤ ሲጨርስ መልሰው ጢጥ ያደርጋሉ። ሦስቱም አይገናኙም። አሁን መልእክት የሚያመላልስላቸውም የለም፤ እንድሪስም ተኳርፏል።

ይማም ሰባተኛውን ገጽ ደረት ኪሱ ውስጥ ይዞ ይዞራል። ማጠፊያው ላይ ተበጣጥሶ በፕላስተር አያይዞታል። ለቅሶ ቤት ይዘረጋዋል፤ ሰርግ ላይ ይዘረጋዋል፤ ሰዎች «እህ» ይላሉ፣ «ከባድ ነገር ነው» ይላሉ፣ ወንበራቸውን ወደ ሌላ ሰው ያዞራሉ። የመጀመሪያው ፋይል እንዲህ ጠፍቶበታል። ይሄኛው እንዲጠፋ አይፈቅድም።

ስለዚህ እናንተም እስከዚህ ሰምታችኋልና ወንበራችሁን እንዳታዞሩ። የመረጠና ያስጠነቀቀ፣ ግን ከኩርፊያው ይልቅ እታለምን ያላስቀደመ አለ። በእጁ ያተረፈ፣ ግን በዚያው እጁ ለአደጋ የዳረገ አለ። በውሸቱ ያዳነ፣ በውሸቱም ሊገድል የነበረ አለ። ቁልፉ አንድ ነው፤ የተንጠለጠለበት አንገትም አርጅቷል። የማን ነው? ይማምን «ከባድ ነገር ነው» አትበሉት፤ ከባድ መሆኑን ከእናንተ በፊት ያውቃል። «እንመለስበታለን» አትበሉት። ይማም በር ላይ ቆሟል፣ ገጹንም ዘርግቷል፤ አንዳችሁ፣ አንዳችሁ ብቻ፣ ዐይን ዐይኑን እያያችሁ ስም ጠርታችሁ መልሱለት!